ኮምፒዩተር ከነሙሉ ዕቃው፣ ብዛት 1

በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ መገናኛ ላይ፣ ጉለሌ፣ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኝ «ስለ ቴክኖሎጂ የሆነ ነገር ተናገር» አሉኝ። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚናገር ሰው በየስብሰባው ስለማይጠፋ እኔ ወደ ኋላ ልመለስ ብያለሁ። የማወራው አቧራ ስለ ጠጣ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ምክንያት አለኝ። በዚሁ ግቢ ስቶር ውስጥ ተደርድረው የሚወገዱበትን ቀን የሚጠብቁ ማሽኖች አሉ። ብዙዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፋችንን የተየብነው በእነሱ ላይ ነው። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው በቅርቡ ያያቸዋል። ከመውጣታቸው በፊት ግን ውስጣቸው ምን እንዳለ አንድ ሰው አይቶ ይመዝግብ ነው የምለው።

መዝገቡን አይቼዋለሁ። የንብረት ክፍሏ እትዬ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ካርዶቹን በሙሉ አውጥተው አሳዩኝ። በሞዴል 19 ገቢ ሲሆኑ የተጻፈው «ኮምፒዩተር ከነሙሉ ዕቃው፣ ብዛት 1» ነው። የሚቀጥለውም ካርድ እንደዚያው ነው፣ ከሱ የሚቀጥለውም። በሬ ሲሸጥ እንኳ ቀለሙና ጥርሱ ይታያል አይደል? እኛ ግን በዘመኑ የመኪና ግማሽ ዋጋ የወጣበትን ዕቃ «ብዛት 1» ብለን አስገብተን፣ «ብዛት 1» ብለን ልናስወጣው ነው። (ሳቅ)

ያ መዝገብ የተጻፈበትን ዘመን አስታውሱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ኢንተርኔት ለአገራችን በይፋ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ኮምፒዩተር የገባው በየአቅጣጫው ነበር። ከአውሮፓ በእርዳታ የመጣ አለ፤ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው አለ፤ በጨረታ የተገዛ አለ፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ ከልዩ ልዩ ዕቃ ተገጣጥሞ የተሸጠም አለ። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ማሽኖች ከላይ አንድ ዓይነት ሆነው ውስጣቸው የሚተዋወቅ ላይሆን ይችላል። ፊት ለፊት የተለጠፈውን ስቲከር አትመኑ። ስቲከር በጥፍር ተልጦ ሌላው ላይ ይለጠፋል። ኬዙም ቢሆን ልብስ ነው። የአንዱ ኩባንያ ኬዝ ውስጥ የሌላው ማዘርቦርድ፣ የሦስተኛው ፓወር ሰፕላይ ተቀምጦ ማግኘት የተለመደ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ነገር በቅድሚያ፦ አታብሩት። ሰው አሮጌ ማሽን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ዲቫይደር ፈልጎ መሰካት ነው። «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልየው» ይላል። ለዓመታት የተቀመጠ ማሽን መጀመሪያ ተከፍቶ ነው የሚታየው።

ከመክፈታችሁም በፊት ጀርባውን ተመልከቱ። የኃይል ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ በብዙዎቹ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ላይ ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለች። በአንድ በኩል 115፣ በሌላ በኩል 230 ይላል። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ግን ብዙ ጊዜ 115 ላይ እንደተቀመጠ ነው ከካርቶኑ የሚወጣው። 115 ላይ ሲሆን ዕቃው የገባለትን ቮልት በእጥፍ እንዲያሳድግ ተደርጎ የተሠራ ነው። 220 ስትሰጡት ያንን በእጥፍ ያደርግና ከ600 ቮልት በላይ ውስጥ ይፈጥራል፤ እዚያ ያሉት ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች ደግሞ እያንዳንዳቸው አብዛኛውን ጊዜ 200 ቮልት ብቻ የሚችሉ ናቸው። የሚቀጥለውን የሰማ ያውቀዋል፦ ጧ! ከዚያ ጭስ፣ ከዚያ የተቃጠለ ዓሣ የመሰለ ሽታ። በአንድ መሥሪያ ቤት ከአንድ ጭነት የመጡ አራት ማሽኖች በአንድ ቀን ጠዋት፣ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ፣ እንዲህ ሲሄዱ አይቻለሁ። ሁለተኛው ሲፈነዳ «መብራቱ ነው» ተባለ፤ ሦስተኛው ሲፈነዳ «ዕቃው ድሮም የተበላሸ ነው የላኩልን» ተባለ። ማንም ዞሮ ቀይዋን ነገር አላያትም። አራቱም በመዝገብ ላይ «የተበላሸ» ተብለው ተጻፉ። የሞተው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ሊሆን እንደሚችል፣ ሀርድ ዲስኩ ምንም ሳይሆን እዚያው ውስጥ ተኝቶ ሊሆን እንደሚችል ያሰበም አልነበረም።

እሺ፣ አሁን ካቻቢቴውን አንሱና ክፈቱ። አቧራውን በአፍ አትንፉት፤ ምራቅ ይገባል። ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

መጀመሪያ ባትሪውን ፈልጉ። በአዲሶቹ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባለ 3 ቮልት ነው። ያ ሲሞት ሰዓትና ቀን ከመጥፋት ሌላ የከፋ ጉዳት የለውም፤ ትንሽ ብር ከፍላችሁ ትቀይሩታላችሁ። በአሮጌዎቹ፣ በ386 እና በ486 ዘመን ማሽኖች ላይ ግን ባትሪው እንደ በርሜል ሆኖ በቦርዱ ላይ የተበየደ፣ 3.6 ቮልት የሆነ ነው። እሱ ሲያረጅ ያፈሳል። አረንጓዴና ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ በአጠገቡ ያሉትን የመዳብ መስመሮች እየበላቸው ነው። ያንን ቦርድ አታብሩት፤ ሀርድ ዲስኩን ፈታችሁ ለብቻው አስቀምጡ። ከዚያ ካፓሲተሮቹን እዩ። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት የተሠሩ ብዙ ቦርዶች በመጥፎ ካፓሲተር ምክንያት ሞተዋል። አናቱ እንደ ዳቦ የተነፋ ወይም ቡናማ ነገር የወጣው ካለ ችግሩ ከዚያ ነው።

ዘመኑን ለማወቅ የካርድ ማስገቢያዎቹን ቀለም ማየት ይበቃል። ረጅሙ ጥቁር አይሳ ነው፣ የድሮው። ነጩ ፒሲአይ ነው፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የመጣ። ቡናማው ኤጂፒ ነው፣ ከ1997 ወዲህ፣ ለቪዲዮ ካርድ ብቻ። ጥቁርና ነጭ አብረው ካሉ በመሸጋገሪያው ዘመን የተሠራ ነው። የማዘርቦርዱ ስም ብዙ ጊዜ በእነዚህ ማስገቢያዎች መካከል በነጭ ቀለም በትንሹ ይታተማል፤ ሰው ግን እዚያ አይፈልግም።

ራም ላይ ከስሙ ይልቅ ቅርጹ አይዋሽም። ኤስዲራም 168 መገናኛ ጥርስና ሁለት ቁራጭ ቀዳዳ አለው። ዲዲአር 184 ጥርስና አንድ ቀዳዳ አለው። ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 ሁለቱም 240 ናቸው፤ ቀዳዳቸው ግን የተለያየ ቦታ ላይ ስለሆነ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። አልገባ ካለ በጉልበት አትግፉ። ፕሮሰሰሩን ለማየት ማራገቢያውን አትንቀሉ፤ ሙጫው ደርቆ ፕሮሰሰሩን ከነእግሩ ነቅሎ ያመጣዋል። ለንብረት ካርድ ያን ያህል ዝርዝር አያስፈልግም።

ማሽኑ ደህና ከሆነና ከበራ ደግሞ ራሱ ይናገራል። ሲበራ የሚመጣው ጥቁር ገጽ ላይ የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ የራሙ መጠንና የዲስኩ ስም አለ፤ ቶሎ የሚያልፍ ከሆነ «ፖዝ» የሚለውን ቁልፍ ጫን አድርጉ፣ ይቆምላችኋል። ሊኑክስን ከሲዲ ብታስነሱት ዊንዶውስ የማያውቀውን ካርድ ሁሉ ዘርዝሮ ይሰጣችኋል። የአሮጌዎቹ ብዙዎቹ ከፍላሽ አይነሡም፤ ስለዚህ ሲዲ ያዙ። የኢንቴል ዕቃ ሁሉ እዚያ ዝርዝር ውስጥ 8086 በሚል ቁጥር ነው የሚመዘገበው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት ፕሮሰሰር ስም ነው። ሰዎቹም የልጅነት ስማቸውን ይወዳሉ ማለት ነው።

አሁን ለምን ይህን ሁሉ እንደምል አንድ ጉዳይ ላንሣ። ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምናገረው። ከእኛው ተመራቂዎች አንዷ የአባቷን ኮምፒዩተር ይዛልኝ መጣች። አባቷ መምህር ነበሩ፤ አርፈዋል። በሕይወታቸው ሳሉ ሽሮ ሜዳ እየወረዱ የሸማኔ ሽማግሌዎችን ሲጠይቁና የሰሙትን ሲጽፉ እንደነበር ቤተሰቡ ያውቃል። የእጅ ጽሑፉ ደብተር ጠፍቷል። የቀረው ማሽኑ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ቦታ ያዘ ተብሎ ለቆራሌው ሊሰጥ ሲል ነው ልጅቷ የደረሰችበት።

ኬዙ ስም የለውም። ከፈትነው። 486 ነው፤ ባትሪው አፍስሶ የቦርዱን አንድ ጥግ በልቶታል። ስለዚህ ማብራት የለም። ሀርድ ዲስኩ ባለ 40 እግር፣ አይዲኢ የምንለው፣ 540 ሜጋ ባይት ነው። አንድ ፎቶ ዛሬ ስንት ሜጋ ባይት እንደሚወስድ የምታውቁ ሳቁ፤ በዚያ ዘመን ግን ትልቅ ነበር። ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ማገናኛ በላፕቶፕ ላይ ሰካነው። አላወቀውም። የዚያ ዘመን ዲስኮች አንዳንዶቹ አዲሶቹ ማገናኛዎች በሚያውቁት አቆጣጠር አይናገሩም። መለያው ላይ የሲሊንደር፣ የሄድና የሴክተር ቁጥር ታትሟል፤ ይህ ቁጥር በአሮጌ ማሽን ውስጥ በእጅ የሚገባ ነው። ታዲያ የት እናስገባው? ፔንቲየም 3 የሆነ፣ አይዲኢ መስኪያ ያለው ማሽን ፈልገን፣ ቁጥሩን በእጃችን አስገብተን፣ ዲስኩ ተነሣ። መጀመሪያ ያደረግነው ሙሉ ግልባጩን መውሰድ ነው። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ በግልባጩ ላይ ነው።

ፋይሎቹ አሉ። ቀናቸው ግን 1988 ይላል።

ልጅቷ ደነገጠች። እ.ኤ.አ. 1988 ከሆነ በደርግ ጊዜ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ስለ ሸማኔ ማኅበርና ስለ ክር እደላ የሚናገሩት እያለ ስለሚያዩት ነገር ነው ማለት ነው። በእኛ 1988 ዓ.ም. ከሆነ ግን ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ወደ ኋላ እያስታወሱ ነው የሚናገሩት። አንዱ ዓረፍተ ነገር ፍርሃት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ናፍቆት። እንዴት እንደምናነበው የሚወስነው ቀኑ ነው።

መልሱን የሰጠን ዕቃው ነው። 486 ፕሮሰሰር ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ማሽኑ ላይ ያለው ዊንዶውስ 3.1 የወጣው በ1992 ነው። በቦርዱ ላይ ያሉ ቺፖች ደግሞ አራት አሃዝ ታትሞባቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓመት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ሳምንት ናቸው። ከሁሉ አዲሱ 9507 ይላል፤ በ1995 ሰባተኛው ሳምንት ማለት ነው። እንግዲህ በ1995 የተሠራ ማሽን በ1988 አይጽፍም። አባቷ ሰዓቱን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሞልተውታል። ኮምፒዩተር ከ1980 ወዲህ ያለውን ማንኛውንም ዓመት ስለሚቀበል ዝም ብሎ ተቀበላቸው። ጳጉሜ የሚባል ወር ግን አያውቅም። በእኛ መስከረም 1 ቀን አንደኛው ወር አንደኛ ቀን ብላችሁ ብትሞሉት ጳጉሜ 1 ሲደርስ እሱ ዲሴምበር 26 ወይም 27 ይላል።

ሌላም ማስረጃ ነበረን። ፋይሎቹ የተጻፉበት ሰዓት ከ2 እስከ 11 ባለው ውስጥ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ብናነበው ብዙው የተጻፈው ከሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሆናል። ልጅቷን «አባትሽ ሌሊት ይሠሩ ነበር ወይ?» አልናት። «አባዬ? ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነቅቶ አያውቅም» አለች። (ሳቅ) ሰዓቱም እንደ ቀኑ በሐበሻ ነው የተሞላው። ከጠዋቱ ሁለት እስከ አሥራ አንድ።

ታሪክ ለምትጽፉ መምህሮቻችን ይህን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። በአገራችን አሮጌ ፋይል ላይ ያለ ቀን በሦስት መንገድ ሊሳሳት ይችላል፤ ባትሪው ሞቶ ወደ 1980 ተመልሶ፣ ዓመቱ በእኛ ተሞልቶ፣ ወይም ሰዓቱ በእኛ ተሞልቶ። ማሽኑ በእጃችሁ ካለ ታጣሩታላችሁ። ፋይሉን በፍላሽ ገልብጣችሁ ማሽኑን ከጣላችሁት ግን የምታጣሩበት ነገር የለም።

ገና አልጨረስንም። ፋይሉን ስንከፍተው በእንግሊዝኛ ፊደልና በምልክት የተሞላ ትርምስ ወጣ። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የእኛ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዊንዶውስ ውስጥ የአማርኛ ፊደል አብሮ መምጣት የጀመረው ከቪስታ ወዲህ፣ በ2007 ነው። ከዚያ በፊት ግዕዝ የሚጻፍባቸው ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። አንድ ፎንት 256 ቦታ ነበረው፤ የእኛ ሆሄያት ከነዲቃላቸውና ከነቁጥራቸው ከ300 ይበልጣሉ። ስለዚህ አንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን ለሁለት ፎንት ይከፍለዋል፣ ሌላው ደግሞ እግርና እጅ እየቀጠለ ይሠራዋል። ያለ ፎንቱ ፋይሉ የተቆለፈ ሳጥን ነው። ፎንቱም ያለው በዚያው ዲስክ ላይ ነው። በዊንዶውስ 3.1 «ሲስተም» በሚባለው ፎልደር፣ ከ95 ወዲህ «ፎንትስ» በሚባለው ውስጥ ነው የሚገኘው። አባትየው የተጠቀሙበትን አውጥተን ስንጭነው ገጹ ተነበበ። አሥራ አንድ ሽማግሌዎች። ሰነዱን ብቻ ገልብጠን ቢሆን ኖሮ ትርምሱን ይዘን እንቀር ነበር።

ወደ ስቶራችን ልመለስ። ያንን ዲስክ ያስነሣው ፔንቲየም 3 ዛሬ በጨረታ ቢወጣ በኪሎ ነው የሚሸጠው። የምናስወግደው አሮጌ ስለሆነ ነው፤ አሮጌውን ማንበብ የሚችለው ግን አሮጌው ብቻ ነው። ሁሉም ይቀመጥ አላልኩም፤ ስቶሩ የሚጠብበትን እትዬን ጠይቁ። ከውስጡ አይዲኢ መስኪያ፣ ፍሎፒና ሲዲ ያላቸውን፣ ካፓሲተራቸው ጤነኛ የሆነውን ሁለት ወይም ሦስት መርጠን እናስቀር። ይህን መምረጥ የምንችለው ግን ካርዱ ላይ «ብዛት 1» ከሚለው ሌላ ነገር ሲጻፍ ነው።

ሌላው ጉዳይ ያሳስበኛል። ዲስኮቹ ላይ የተማሪ ውጤት፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የሕክምና ወረቀት ይኖራል። «ፎርማት አድርገነዋል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፤ መጽሐፉ ከነገጹ እዚያው አለ። ማሽኑ ምናለሽ ተራ ደርሶ ዲስኩ ለብቻው ሲሸጥ ገዢው ከፈለገ ያነበዋል። የማን ውጤት? የእኔና የእናንተ። ስለዚህ መጀመሪያ ይገልበጥ፣ ከዚያ በላዩ ላይ ተጽፎበት ይጥፋ፣ ወይም ይበሳ። የቆዩት ትልልቅ ሞኒተሮች ደግሞ መስታወታቸው ውስጥ በኪሎ የሚለካ እርሳስ አላቸው፤ ተሰብረው ሜዳ ላይ የሚጣሉ አይደሉም። አገራችን የባዝልን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2000 ተቀብላለች፤ ለኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻም ደንብ ወጥቷል። ኮሚቴው ይህን ያውቃል ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህንን ነው። ኮሚቴው ከመፈረሙ በፊት ሁለት ቅዳሜ ይሰጠን። ከማኅበሩ ስምንት ሰው ብንሆን በቂ ነን። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ወረቀት፤ የማዘርቦርዱ ስም፣ የራሙ ዓይነትና መጠን፣ የዲስኩ መስኪያና መጠን፣ የባትሪው ሁኔታ፣ የቺፖቹ አዲሱ ቀን፣ በየትኛው ክፍል ይሠራ እንደነበር። ይህ የመጨረሻው ከዕቃው ላይ አይገኝም፤ ከእናንተ ነው የሚገኘው። «ያ ባለ ቢጫው ኬዝ የሬጅስትራር ነበር» የምትሉ አላችሁ፤ ኑ። ዲስኩን ማን ይክፈት የሚለውን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ይወስን፤ እኛ በራሳችን የሰው ፋይል አንከፍትም።

ቤታችሁም አሮጌ ማሽን ያላችሁ ሳትሰኩት፣ ሳታጸዱት፣ እንዳለ አምጡት። ጀርባውን አይታችሁ ቀይዋ ማንሸራተቻ የት እንዳለች በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት። ካቻቢቴ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ባለ መስቀሉን፤ መካከለኛው መጠን ይሻላል። የአፍ መሸፈኛም ያዙ፤ እዚያ ስቶር ውስጥ ያለው አቧራ የሃያ ዓመት ነው። የሚመዘገብ ሰው ከሻይ በኋላ በሩ አጠገብ ያገኘኛል።